የኢ-ሜይልን ፖስታ ሕግ የጻፈው ጆን ፖስቴል

ድረ ገጽ ያሠራ የንግድ ቤት ሁሉ አንድ ቀን የሚገጥመው ነገር አለ። «ያግኙን» በሚለው ገጽ ላይ አንድ ደንበኛ ስሙን፣ ኢ-ሜይሉንና ጥያቄውን ሞልቶ «ላክ» የሚለውን ይጫናል። መልእክቱ ቢሮው ይደርሳል። በላኪው ቦታ የተጻፈው ግን የደንበኛው ስም አይደለም፤ «ኖባዲ» ይላል። ኖባዲ ማለት ደግሞ «ማንም» እንደማለት ነው። ርዕሱም ከትናንቱ፣ ከትናንት ወዲያውም ጋር አንድ ዓይነት ነው። ጸሐፊዋ ይህንን ልብ ሳትል መልስ መስጫውን ትጫንና ዋጋውን፣ ቀኑን፣ ሁኔታውን ሁሉ ዘርዝራ ትልካለች። መልሱም ይሄዳል፤ ለማንም። ደንበኛው ሳምንት ይጠብቅና ሌላ ቤት ያንኳኳል፤ ጸሐፊዋም ሰውየው ለምን ዝም እንዳለ ሳይገባት ይቀራል።

ኖባዲ የሰው ስም አይደለም። ብዙ የድረ ገጽ ሰርቨሮች ፕሮግራሞቻቸውን የሚያስኬዱበት፣ ሥልጣን የሌለው ተጠቃሚ መጠሪያ ነው። ቅጹን የሠራው ባለሙያ የላኪውን ቦታ ካልሞላው ማሽኑ የራሱን ስም ጽፎ ይልከዋል። ፖስታ ቤቱም ይቀበለዋል። እዚህ ላይ የሚያስገርመው መቀበሉ ነው። ላኪዬ ማንም ነው የሚል ደብዳቤ እንዴት ሳይጠየቅ ያልፋል? ይህንን ለመረዳት ከአርባ ዓመት በፊት ወደተጻፈ አንድ ሰነድና ወደ ጸሐፊው ሕይወት መመለስ ያስፈልጋል። ጸሐፊው ጆን ፖስቴል ይባላል። ስሙ ለፖስታ መቅረቡ አጋጣሚ ነው፤ ሥራው ግን ከዚያ አልራቀም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆናታን ብሩስ ፖስቴል የተወለደው ኦገስት 6 ቀን 1943 በካሊፎርኒያ ግዛት አልታዲና በምትባል ከተማ ነው። ሁለተኛ ደረጃን የተማረው በሎስ አንጀለስ በሚገኘው የቫን ናይስ ትምህርት ቤት ነበር። ከዚሁ ትምህርት ቤት ቪንት ሰርፍና ስቲቭ ክሮከርም ወጥተዋል። በኋላ ኢንተርኔት ለሚባለው ነገር መሠረት ከጣሉት ሰዎች ሦስቱ ከአንድ ትምህርት ቤት መገኘታቸው ዛሬም ያስደንቃል። ፖስቴል ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በ1966 የመጀመሪያ፣ በ1968 ሁለተኛ ዲግሪውን በምሕንድስና አገኘ። በ1974 ደግሞ በዚያው በኮምፒዩተር ሳይንስ ዶክተር ሆነ።

ዕድሉ በጊዜው መገኘቱ ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር መሥሪያ ቤት በተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ያሉትን ኮምፒዩተሮች ለማገናኘት አርፓኔት የተባለውን መረብ ሲዘረጋ፣ የመጀመሪያው ጣቢያ የተተከለው በ1969 በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ሥራውን ይመሩ የነበሩት ፕሮፌሰር ሊዮናርድ ክላይንሮክ ሲሆኑ፣ ማሽኖቹ እንዴት ይነጋገሩ የሚለውን ጣጣ የያዙት ግን ተማሪዎቹ ናቸው። ከነዚህ አንዱ ፖስቴል ነበር። ስቲቭ ክሮከር በዚያው ዓመት ኤፕሪል ውስጥ የተማሪዎቹን ሐሳብ በጽሑፍ ማኖር ጀመረ። ወረቀቶቹንም ትእዛዝ እንዳይመስሉ አስተያየት መጠየቂያ ብሎ ሰየማቸው። በእንግሊዝኛ ምሕጻራቸው አር.ኤፍ.ሲ. የሚባሉት ሰነዶች እነዚህ ናቸው።

ወረቀት ሲበዛ መዝጋቢ ያስፈልጋል። የትኛው ቁጥር ለየትኛው ሥራ እንደተሰጠ የሚጽፍ፣ ሁለት ሰው አንድ ቁጥር እንዳይወስድ የሚጠብቅ ሰው ያሻል። ፖስቴል ይህን ሥራ ያዘ። ማንም የሹመት ደብዳቤ አልጻፈለትም። ሥራው አሰልቺ ስለነበር የሚሻማውም አልነበረም። እስከ ዕለተ ሞቱ፣ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ የአር.ኤፍ.ሲ. ሰነዶች አርታዒ ሆኖ ኖረ። እሱ ራሱ የጻፋቸው ወይም ከሌሎች ጋር የጻፋቸው ከ200 ይበልጣሉ። አንድ ቃል ሁለት ትርጉም እንዲኖረው የማይፈቅድ አርታዒ እንደነበር አብረውት የሠሩ ሁሉ ይመሰክራሉ።

መልኩን በፎቶግራፍ ያየ ሰው ከኢንጂነር ይልቅ መናኝ ነው ቢል አይፈረድበትም። ጢሙ እስከ ደረቱ የወረደ፣ ጸጉሩን ያሳደገ፣ ጫማው ነጠላ ጫማ ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ሲወጣ ደስ የሚለው በሲዬራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ ሻንጣውን አዝሎ በእግር መጓዝ ነበር። ድምፁ ዝግ ያለ፣ ስብሰባ ላይ ብዙ የማይናገር ሰው እንደነበርም ይነገራል። ከ1977 ጀምሮ እስከመጨረሻው የሠራው ማሪና ዴል ሬይ በተባለ የባሕር ዳር ሰፈር በሚገኘው፣ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርሜሽን ሳይንስ ተቋም ውስጥ ነው።

ከዚያ በፊት ግን በኖቬምበር 1975 አንዲት አጭር ማስታወሻ ጽፎ ነበር፤ ቁጥሯ 706። ጉዳይዋ ያልተፈለገ መልእክት ነው። በዚያን ጊዜ በአርፓኔት ላይ ያለ ኮምፒዩተር ከሌላው የሚመጣለትን መልእክት መርጦ እምቢ የሚልበት መንገድ አልነበረውም፤ የፈለገውን ለማግኘት ሁሉንም መቀበል ነበረበት። ፖስቴል አንድ የተበላሸ ወይም ክፉ ማሽን በመልእክት ጋጋታ ሌላውን ሊያውከው እንደሚችል አመለከተ፤ ተቀባዩ ከእገሌ አልቀበልም የሚልበት ዘዴ ቢኖር መልካም ነው አለ። ይህ የሆነው የመጀመሪያው የማስታወቂያ ኢ-ሜይል ከመላኩ ከሁለት ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። ያ ማስታወቂያ፣ የአንድ ኮምፒዩተር አምራች ሻጭ ለአራት መቶ ያህል ሰው በአንድ ጊዜ የላከው፣ የወጣው በሜይ 1978 ነበር። ፖስቴልን ሰው አማኝ የዋህ አድርገው የሚስሉት ይህችን ማስታወሻ ቢያነቧት መልካም ነው።

በ1980 መግቢያ ላይ ደግሞ ዛሬ በስሙ የሚጠራውን መመሪያ ጻፈ። አሳቡ ቀላል ነው። ፕሮግራም ሲልክ ሕጉን አጥብቆ ይጠብቅ፤ ሲቀበል ግን ከሌላው ዘንድ ትንሽ ስሕተት ቢያገኝ ችሎ ይለፍ። መረቡ የተሠራው በተለያየ እጅ፣ በተለያየ ማሽን ላይ ስለነበር ያለዚህ ትዕግሥት ምንም ነገር ከምንም ጋር አይነጋገርም ነበር። ይህ መቻቻል የኋላ ኋላ ያስከፈለው ዋጋ አለ፤ እንመለስበታለን።

እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ኢ-ሜይል የሚላከው ለፋይል ማስተላለፊያ በተሠራ ሥርዓት ላይ ተደርቦ ነበር። ፖስቴል ለደብዳቤ ብቻ የሚሆን ሥርዓት በተለያዩ ረቂቆች ሲያሻሽል ቆይቶ በኦገስት 1982 የመጨረሻውን አወጣ። አር.ኤፍ.ሲ. 821 ይባላል። ስሙን ስናሳጥረው ኤስ.ኤም.ቲ.ፒ. ነው፤ ቀላል የደብዳቤ ማስተላለፊያ ፕሮቶኮል ማለት ነው። ቀላል የሚለው ቃል ለማስታወቂያ የገባ አይደለም፤ እውነትም ቀላል ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነው። ላኪው ማሽን የተቀባዩን በር ያንኳኳና በአራት ፊደል ሰላምታ ስሙን ይናገራል። ቀጥሎ ደብዳቤው ከማን እንደሆነ ያስታውቃል። ተቀባዩ 250 ብሎ ይመልሳል፤ እሺ ማለት ነው። ከዚያ ለማን እንደሆነ ይናገራል፤ የተባለው ሰው እዚያ ቤት ካለ ዳግመኛ 250፣ ከሌለ 550። ከዚያ ላኪው ደብዳቤውን ላስገባ ይላል፤ ተቀባዩ 354 ብሎ ይፈቅድለታል። ደብዳቤው መስመር በመስመር ይገባል። ማለቁ የሚታወቀው ብቻዋን በአንድ መስመር ላይ በተቀመጠች ነጥብ ነው። ንግግሩ ሁሉ ሰው ሊያነበው የሚችል ጽሑፍ ስለሆነ ባለሙያ ሰው በእጁ እየጻፈ ማሽኑን ሊያነጋግረው ይችላል።

አሁን ወደ ቅጻችን የምንመለስበት ቦታ ላይ ደርሰናል። ከማን እና ለማን ተብሎ በመጀመሪያ የተነገረው ፖስታው ላይ የሚጻፈው ነው። ዛሬ በኢ-ሜይላችን ላይ ከላይ የምናያቸው የላኪ ስም፣ የተቀባይ ስም፣ ርዕስና ቀን ግን ፖስታው ውስጥ ከታጠፈው ወረቀት ላይ የተጻፉ ናቸው። እነዚህን የሚደነግገው ሌላ ሰነድ ነው፤ ቁጥሩ 822፣ የወጣውም በዚያው ወር፣ ጸሐፊውም የስቲቭ ክሮከር ወንድም ዴቪድ ክሮከር ነው። ፖስተኛው የሚያነበው ፖስታውን ነው። ደብዳቤው የሚቀርብለት ሰው የሚያነበው ወረቀቱን ነው። ሁለቱ አንድ ይሁኑ የሚል ድንጋጌ የለም። ላኪው ነኝ ያለውን መሆኑን አረጋግጥ የሚል ትእዛዝም የለም፤ የይለፍ ቃል መጠየቅ ወደ ሥርዓቱ የገባው በ1999፣ ፖስቴል ከሞተ በኋላ ነው።

ይህ ጉድለት ነው? በ1982 አልነበረም። አርፓኔት ላይ የነበሩት ማሽኖች ጥቂት መቶ ቢሆኑ ነው፤ ባለቤቶቻቸው በስም ይተዋወቃሉ። ደግሞም በእውነተኛው ፖስታ ቤት ሰዎች በሌላ ሰው ስም ደብዳቤ መላካቸው የተለመደ ነው። ጸሐፊ በአለቃዋ ስም ትልካለች፤ ድርጅት በማኅበሩ ስም ይልካል። የፖስታውና የወረቀቱ መለያየት ብልኀት እንጂ ስንፍና አይደለም። ደብዳቤው ባይደርስ የሚመለሰው ፖስታው ላይ ወደተጻፈው አድራሻ ነው፤ መልስ የሚሰጠው ግን ወረቀቱ ላይ ለተጻፈው ሰው ነው። በ822 ላይ ለመልስ የተለየ መስመርም ተበጅቷል፤ ላኪው ሌላ ቢሆንም መልሱን ለእገሌ ላኩ የምትል። ይህች መስመር ለኛ ጸሐፊ መፍትሔዋ ናት።

በ1993 መጨረሻ ገደማ ድረ ገጾች ላይ ሣጥን ሞልቶ መላክ ተቻለ። ወዲያው ሣጥኖቹ ውስጥ የተጻፈውን ወደ ኢ-ሜይል የሚቀይሩ ትናንሽ ፕሮግራሞች መጡ። ከነዚህ በብዛት የተሠራጨው ከ1995 ጀምሮ በነጻ ይታደል የነበረው ፎርም ሜል ነው። ድረ ገጽ የሚሠሩ ልጆች ከኢንተርኔት ያወርዱታል፣ ሁለት ሦስት መስመር ይቀይራሉ፣ ሥራው አለቀ። ችግሩ ግን የተቀባዩ አድራሻ የሚቀመጠው በገጹ ውስጥ፣ ለዓይን በተደበቀ ሣጥን ውስጥ ነበር። የተደበቀውን መግለጥ ለሚያውቅ ሰው ምንም አይደለም። አይፈለጌ መልእክት ላኪዎች አድራሻውን እየለወጡ በሰው ማሽን የፈለጉትን ያህል ደብዳቤ ይረጩ ጀመር። ይህ ሲዘጋ በ2005 ገደማ ሌላው ተነሣ። ቅጹ ጎብኚው የጻፈውን ስም ወይም ርዕስ እንዳለ ወስዶ ራስጌው ላይ ይለጥፈዋል። ተንኮለኛው ስሙን ከጻፈ በኋላ መስመር ዘሎ ሌላ የተቀባይ መስመር ይጨምራል። ማሽኑም የመቶ ሰው አድራሻ የያዘ አዲስ ራስጌ አገኘሁ ብሎ ለመቶውም ይልካል። የፖስቴል ሥርዓት ደብዳቤን በመስመር የሚያነብ ስለሆነ አዲስ መስመር አዲስ ትእዛዝ መሆኑ ነው።

ስለዚህ ከቅጽ የሚወጣውን ደብዳቤ ማስተካከል ሲባል ቀለምና አርማ መጨመር ብቻ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል። የመጀመሪያው ሥራ የላኪውን ቦታ በራስ ቤት ስም መሙላት ነው፤ ለድርጅቱ በተመዘገበው የዶሜይን ስም ያለ፣ እውነተኛ አድራሻ። የደንበኛው አድራሻ የሚገባው መልስ ለእገሌ በምትለው መስመር ላይ ነው። ጸሐፊዋ መልስ መስጫውን ስትጫን ደብዳቤው ለደንበኛው ይሄዳል፤ ኖባዲም ከመሐል ይወጣል። ፖስታው ላይ ያለው የላኪ አድራሻም የድርጅቱ ይሁን፤ አለበለዚያ ሳይደርስ የቀረው ደብዳቤ የሚመለሰው ማንም ወደማያነበው ሣጥን ነው።

ብዙዎች ግን የደንበኛውን አድራሻ በቀጥታ በላኪ ቦታ ማስገባት ይወዳሉ፤ ሲያዩት ደንበኛው ራሱ የጻፈው ይመስላልና። ለብዙ ዓመት ሠርቷል፤ የፖስቴል ፖስታ ቤት አይጠይቅም ነበር። ዛሬ ግን አይሠራም። በ2006 ኤስ.ፒ.ኤፍ.፣ በ2007 ዲኪም፣ በ2015 ደግሞ ዲማርክ የተባሉ ማረጋገጫዎች በይፋ ሰነድ ሆነው ወጡ። ሦስቱም በተለያየ መንገድ፣ ደብዳቤው ከያሁ ነው ካለ ያሁ ፈቅዶለት እንደሆነ ያጣራሉ። ያሁ ሰነዱን እንኳ ሳይጠብቅ በኤፕሪል 2014 በስሜ ከሌላ ማሽን የመጣን ደብዳቤ አትቀበሉ ብሎ አወጀ። ያን ሰሞን የያሁ አድራሻ የነበረው ደንበኛ በቅጽ የላከው ጥያቄ በየቦታው ውድቅ ሆነ። ደንበኛው «መልእክትዎ ደርሶናል» የሚል ገጽ ያያል፤ ቢሮው ምንም አያይም። ቅጽ የሠራ ሰው ከዚህ የከፋ ነገር ሊገጥመው አይችልም፤ ስሕተት መኖሩን እንኳ የሚነግረው የለምና።

ርዕሱን በተመለከተ ምክሩ አጭር ነው። የጉዳዩን ዓይነትና የሰውየውን ስም ያካትት፤ መስመር መዝለያ ምልክቶች ግን አስቀድመው ይወልቁ። ሆድ ዕቃው ላይ መጀመሪያ ጥያቄው ይምጣ፣ ከዚያ ስልኩ፣ ከዚያ ሌላው፤ ባዶ የቀሩ ሣጥኖች መዘርዘር የለባቸውም። ለደንበኛው በራሱ ስለሚላከው የማረጋገጫ ደብዳቤ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሰውየው የጻፈውን ሁሉ መልሶ የሚልክለት ቅጽ ለተንኮለኛ የተመቸ ነው። የሌላ ሰው አድራሻ ያስገባል፣ ማስታወቂያውን በጥያቄ ቦታ ይጽፋል፣ የእርስዎ ድርጅት በራሱ ስም ያደርስለታል። ፖስቴል በ1975 የፈራው የመልእክት ጋጋታ በዚህ በኩል ዞሮ መጣ ማለት ይቻላል።

ለኛ ለአማርኛ ጸሐፊዎች ደግሞ የራሳችን ጣጣ ነበረብን። የ1982ቱ ሰነድ ደብዳቤ የሚጓዘው በሰባት ቢት ነው ይላል፤ ማለትም በእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክቶች ብቻ። ፖስቴል ባለበት መረብ ላይ ሌላ የሚጽፍ ስላልነበረ ማንም አላማረረም። ከ1992 ጀምሮ ማይም የተባለው ማሻሻያ ሌሎች ፊደላት በእንግሊዝኛ ፊደል ተጠቅልለው እንዲጓዙ መንገድ ከፈተ። የኛ ፊደል ግን በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ያገኘው በሴፕቴምበር 1999 ነው። እስከዚያ ድረስ አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፍ ወይም ተቀባዩ ያው የግዕዝ ፎንት እንዳለው መጸለይ ነበር። ዛሬ ሁሉ ነገር ተሟልቶ እያለ ከቅጽ የሚመጣ የአማርኛ ርዕስ በጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ሲታይ ጥፋቱ የፊደሉ አይደለም። ርዕሱ ወረቀቱ አናት ላይ ያለ መስመር በመሆኑ ለብቻው መጠቅለል አለበት። ባለሙያው ሆድ ዕቃውን ዩኒኮድ አድርጎ ርዕሱን ከረሳው የሚሆነው ይኸው ነው።

ፖስቴል ከደብዳቤው ይልቅ የሚታወቀው በሌላ ሥራው ነው። በ1983 ከባልደረባው ከፖል ሞካፔትሪስ ጋር የዶሜይን ስሞች ሥርዓት እንዲቆም አደረገ። ሐሳቡ የፖስቴል፣ ንድፉ የሞካፔትሪስ ነበር ቢባል ከእውነቱ አይርቅም። ከሥራ ባልደረባው ከጆይስ ሬይኖልድስ ጋር ደግሞ የስሞቹን አሰጣጥ ደነገገ። ቁጥርና ስም የሚያድለው ቢሮ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ አያና ይባላል። ለኛ ጆሮ የሰው ስም ይመስላል፤ በእርግጥም ለረጅም ጊዜ አያና ማለት ፖስቴል ማለት ነበር።

የአገሮች ስም ጉዳይ ቀላል አልነበረም። ማን አገር ነው፣ ማን አይደለም የሚለው ክርክር ወደ አንድ ባለ ነጠላ ጫማ ኢንጂነር ጠረጴዛ ሊመጣ ነው። ፖስቴል በማርች 1994 ባወጣው 1591ኛው ሰነድ ከዚህ ራሱን አወጣ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ያዘጋጀው የአገሮች ዝርዝር አለ፤ እዚያ ያለ ስም ያገኛል፣ የሌለ አያገኝም፣ አገርን አገር የምንለው እኛ አይደለንም የሚል ነበር ውሳኔው። ስም የሚረከበው ሰውም ባለ ንብረት ሳይሆን ባለ አደራ ነው አለ። የኢትዮጵያ የሆነው ኢ.ቲ. በዚህ ሥርዓት በ1995 ተመዘገበ። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ኢ-ሜይል የነበረው ሰው ጥቂት ነው። በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ የነበረው የፓዲስ ቢሮ በፊዶኔት አማካይነት፣ በስልክ ጥሪ ደብዳቤ ያቀባብል ነበር። ሙሉ የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው በ1997 ነው። ዛሬ የድርጅቱን ቅጽ በኢ.ቲ. ስም የሚልክ ሁሉ በዚያ ዝርዝር የተሰጠን ስም ነው የሚጠቀመው።

ኢንተርኔት ገንዘብ ሲሆን የፖስቴል ሥልጣን አከራካሪ ሆነ። ስም መመዝገብ ከ1995 ጀምሮ ዋጋ ተቆረጠለት። ለዚህም የመንግሥት ውል የነበረው አንድ ኩባንያ ነበር። የሁሉም ስሞች ዋና መዝገብ የሚገኘውም በዚሁ ኩባንያ ማሽን ላይ ነው። ጃንዋሪ 28 ቀን 1998 ፖስቴል ለሌሎቹ መዝገብ ጠባቂዎች ኢ-ሜይል ጻፈ፤ ዋናውን ቅጂ ከኩባንያው ሳይሆን ከእኔ ማሽን ውሰዱ አላቸው። ስምንቱ ያለ ጥያቄ ታዘዙ። አንድ ሰው በአንድ ደብዳቤ የዓለምን መረብ ለሁለት ከፈለው፤ ተጠቃሚው ግን ምንም አልተሰማውም፤ ሁሉ ነገር እንደ ወትሮው ሠራ። የፕሬዚዳንት ክሊንተን አማካሪ አይራ ማጋዚነር ይህንን ሲሰሙ ወደ ነበረበት እንዲመለስ አጥብቀው ጠየቁ፤ ተመለሰም። ፖስቴል ሙከራ ነበር ብሎ አስረዳ። ከሙከራው በስተጀርባ ተቃውሞ ነበረ የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔም ከነሱ ጋር ነኝ፤ መንግሥት በዚህ ጉዳይ ላይ ያዘጋጀውን ሐሳብ ሊያወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው የሚደረግ ሙከራ ተራ ሙከራ አይመስልም።

ከዚያ በኋላ የተሠራው አይካን የተባለውን ድርጅት ማቋቋም ነው። አያና ከአንድ ሰው ጠረጴዛ ወጥቶ ወደዚህ ተቋም እንዲዛወር ፖስቴል ራሱ ደከመ። አይካን በሴፕቴምበር 30 ቀን 1998 በሕግ ተመዘገበ። ፖስቴል ከዚያ በኋላ የቆየው ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነው። በ1991 አንድ ጊዜ የልብ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ነበር፤ ዳግመኛ ተደረገለት፤ ከዚያ በተከተለው ሕመም ኦክቶበር 16 ቀን 1998 በሎስ አንጀለስ አረፈ። ዕድሜው 55 ነበር። ቪንት ሰርፍ የጻፈው የሐዘን መልእክት፣ ፖስቴል ዕድሜውን ሙሉ ባረታቸው ሰነዶች መካከል ቁጥር ተሰጥቶት ገባ፤ 2468። ከ1999 ጀምሮም በስሙ ሽልማት ይሰጣል።

የደብዳቤው ሕግ ከጸሐፊው በኋላ ሁለት ጊዜ ታድሷል። በኤፕሪል 2001 የታደሰውን ሰነድ ያወጡት ሰዎች ተራውን ሳይጠብቁ 2821 የሚለውን ቁጥር አስቀመጡለት፤ 821 መጨረሻው ላይ እንዲታይ። በኦክቶበር 2008 የወጣው ደግሞ 5321 ነው። በሦስቱም ውስጥ ሰላምታው፣ 250ዋ፣ 354ቷና መጨረሻ ላይ ብቻዋን የምትቀመጠው ነጥብ እንደ ነበሩ ናቸው።